የታጁ መኪና ምን ትጠጣለች?

አቃቂ በሰቃ ውስጥ «ባለሱቁ ታጁ ሲስቅ አየሁት» የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ውሸታም ነው ወይ እሁድ ማለዳ ከወንዙ ማዶ ባለው ሜዳ አልፏል ማለት ነው። ሱቁ ውስጥ አይስቅም። ስኳር ሲመዝን ሚዛኑን በዳኛ ዓይን ነው የሚያየው፤ ሕፃን ልጅ ማስቲካ ሊገዛ ሲመጣ እንኳ «ሌላስ?» የሚለው በሙሉ ቁም ነገር ነው። ገና ድምፁ ሳይጎረንን ከስልጤ ወደ አጎቱ መጥቶ ሱቅ ሲጠብቅ አደገ፤ አሁን ሠላሳውን አልፎ የራሱን ሱቅ ከፍቷል። አይቅምም፣ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ ሶላት አያልፈውም። የሰፈሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲመክሩ «እንደ ታጁ ሁኑ» ይላሉ፤ ልጆቹም ታጁን አይተው እንደ እሱ ላለመሆን ይወስናሉ።

ይህ የተከበረ ሰው ግን ከስኳር ጆንያዎቹ ጀርባ መኪና ደብቋል። የሪሞት መኪና፣ ቀይ፣ ርዝመቷ ክንድ የሚሆን፣ ጎማዎቿ ጥርስ ያወጡ። «መጫወቻ» ያላት ሰው ከታጁ ጋር ተጣላ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ሎሚ የምታህል እውነተኛ ሞተር አለቻት። ፒስተን አላት፣ ካርቡራተር አላት፣ ካንዴላ አላት፣ ገመዷ ሲሳብ ትነሳለች፣ እሷ ስትነሳ ደግሞ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ዱባይ የሚሠራው የአጎቱ ልጅ ነው ያመጣለት፣ ከአንድ ቆርቆሮ ነዳጅ ጋር። ቆርቆሮው ላይ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተስሎበታል፤ አውሮፕላን ላይ እንዴት እንዳሳለፈው አላህ ይወቅ።

እሁድ ማለዳ ታጁ መኪናዋን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወንዙን ይሻገራል። እዚያ ዘአማኑኤል ይጠብቀዋል። ዘአማኑኤል የክር ፋብሪካ ኤሌክትሪሽያን ነው፣ ከታጁ በዕድሜ ከፍ ይላል፣ የሚኖረውም ከሱቁ ጎን ባለው ግቢ ነው። እሱም የሪሞት መኪና አለው፤ የሱ ግን የሚሄደው በባትሪ ነው። ሁለቱ ሰዎች መኪናቸውን ከሚነዱበት ሰዓት ይልቅ የሚከራከሩበት ይበልጣል።

«ባትሪ ንጹህ ነው» ይላል ዘአማኑኤል። «አይጮህ፣ አይጨስ፣ አይሸት። ቁልፉን ተጫን፣ ሂድ!»

«የማይጮህ መኪና ምኑን መኪና ሆነ? ሌባ ነው እኮ የሚመስለው፤ ኮቴው ሳይሰማ ከኋላህ የሚደርስ።»

«ያንተ እመቤት ለመነሳት ግማሽ ቀን ትለመናለች!»

«ያንተ ደግሞ ፈረቃ ትጠብቃለች!»

ይህች «ፈረቃ» የምትባል ቃል ዘአማኑኤልን ጸጥ ታሰኘዋለች። መብራት አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚጠፋበት ዘመን ነበር። በመጣበት ቀን ደግሞ የቤቱ ሶኬት ባለቤት ሚስቱ በላይነሽ ናት፤ ካውያውና ቴሌቪዥኑ ወረፋቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው የባሏ ባትሪ የሚሰካው። ዘአማኑኤል ግን እንዲህ በቀላሉ እጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ ትንሽ ቆይቶ «ያንተዋም እኮ ካንዴላዋን ለማጋል ባትሪ ትፈልጋለች» ይላል። እውነቱን ነው። ገመዱ ከመሳቡ በፊት፣ አውራ ጣት በምታህል ባለባትሪ ማጋያ ካንዴላዋ መቅላት አለባት። ታጁ ይህን እውነት አይወደውም።

ከዚያ የታጁ ቆርቆሮ አለቀ። ከሥሩ አንዲት ጭላጭ ብቻ ቀረች። ዱባይ ሲደወል የአጎቱ ልጅ «ያኔ በአላህ ጥበቃ ነው ያለፍኩት፣ ሁለተኛ አልሞክረውም» አለ። ታጁ ቤንዚን ሞከረ፤ መኪናዋ አስነጠሰች፣ የነዳጅ ቱቦዋ አበጠ፣ ዝም አለች። ዘአማኑኤል ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ሞተሩን እንንቀልና ባትሪ እንግጠምላት፤ በአንድ ከሰዓት ጉዳይዋን እጨርሰዋለሁ» ሲል፣ ታጁ ልጅህን እንረድ የተባለ ያህል ክው አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነዳጅ ማለቅ ነዳጅ ማለቅ ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ይህ የሆነው ታጁ ሽማግሌ በላከበት ሰሞን መሆኑ ነው። ልጅቷ ዓሊያ ትባላለች፤ ሳሪስ ባለው የሐጂ ሙህሲን የጅምላ መደብር ደረሰኝ የምትቆርጠው የሐጂ ልጅ ናት። ታጁ እሷን ለማየት ሲል ሳሙና ሲገዛ ከርሞ፣ ጓዳው ሰፈሩን ሁሉ አጥቦ የሚተርፍ ሳሙና ሞልቶታል። አንድ ቀን ዓሊያ ደረሰኙን እየቆረጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቆይ፣ ሳሙናውን ትበላዋለህ እንዴ?» አለችው። ታጁ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ያማረ ነገር ተብሎ አያውቅም። በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።

ሐጂ ሙህሲን ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው «አጣርተን እንነግራችኋለን» አሉ። ማጣራት እንግዲህ የታወቀ ነው። ከሴቷ ወገን የሆነ ሰው ሳይታወቅ ወንድየው ሰፈር ይመጣል፤ ዕቃ የሚገዛ፣ የሚከራይ ቤት የሚፈልግ፣ መንገድ የጠፋበት መስሎ የልጁን ጠባይ ይጠይቃል። ሐጂ የሚያስጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይጠጣል ወይ? ትልቋን ልጃቸውን ሰዓዳን ሳያጣሩ ድረው፣ ባልየው ጠጪ ሆኖ ተገኘና ልጅቷ ፍራሿን ይዛ አባቷ ቤት ተመልሳለች። «ሁለተኛ አልሞኝም» ብለዋል። ታጁ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ፤ በመጠጥ በኩል ምን ሊያገኙበት!

የሚፈራው ሌላውን ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው በሪሞት መኪና ይጫወታል ቢባልስ? ስለዚህ መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጆንያው ጀርባ አስገባትና፣ ኒካሑ እስኪታሰር ላያወጣት ለራሱ ቃል ገባ። ቃሉን የጠበቀው ዘአማኑኤል ያለቀውን ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ሱቁ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው።

«አገኘሁት!» አለ ዘአማኑኤል ጣቱን ጽሑፉ ላይ ተክሎ። «ሜታኖል ይላል። ሜታኖል ማለት አልኮል ነው። ሌላው ዘይት ነው፣ የጉሎ ዘይት። ታጁ፣ ይህች መኪና ጠጪ ናት!»

ሜታኖልና የሚጠጣ አልኮል አንድ አለመሆናቸውን፣ ሜታኖሉ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ መሆኑን የፋብሪካው ኬሚስት ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር። ግን ማን ጠይቆት? የጉሎ ዘይት ታጁ ራሱ ይሸጣል። አልኮሉን ፍለጋ ፋርማሲ ሄደ፤ የፋርማሲዋ ልጅ ግን «ለቁስል ከሆነ ቁስሉን አሳየኝ፣ ሰዉ እየገዛ እየጠጣው ነው» አለችው። ታጁ የሚያሳየው ቁስል ስላልነበረው አፍሮ ወጣ።

«እንግዲያው ዲንቄ አለችልህ» አለ ዘአማኑኤል።

ዲንቄ ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከሐዲዱ አጠገብ፣ አረቄ የምታወጣ ሴት ናት። ዳግም የምትለው፣ ሁለት ጊዜ የወጣው አረቄዋ፣ እሳት ላይ ጠብ ቢል ቦግ ይላል ተብሎ ይወራለታል።

«አንተ ግዛልኝ» አለ ታጁ።

የዘአማኑኤል ፊት ተለወጠ። «እኔ እዚያ ደጃፍ አልደርስም። ምክንያቱን ታውቃለህ።»

ታጁ ያውቃል። ጥቂት ዓመታት ወደኋላ ዘአማኑኤል ደመወዙንም ራሱንም ዲንቄ ቤት ነበር የሚያስቀምጠው። በላይነሽ ልጆቿን ይዛ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታስር ነው በሚካኤል ስም ምሎ የተወው። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም፤ በላይነሽ ግን ዛሬም ባሏ ከሥራ ሲገባ ሰላም የምትለው መስላ አንገቱ ሥር ታሸተዋለች። እሱም እንዳላወቀ ሆኖ ይሸተትላታል።

ስለዚህ ታጁ ራሱ ሄደ። ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት መረጠ፣ እንዳይታወቅ የዘአማኑኤልን የፋብሪካ ካፖርት ለበሰ፣ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ አጠለቀ። በመንገዱ ያገኘው ሰው ሁሉ «ታጁ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?» እያለ አሳለፈው።

«ያ ዋቃ! ታጁዬ!» አለች ዲንቄ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ። «ምን እግር ጣለህ እኔ ቤት?»

«ቀስ በይ፣ ዲንቄ። ዳግም አለሽ?»

«ለማን?»

«ለመኪና።»

ዲንቄ አገጯን ይዛ አየችው። በዚህ ቤት ብዙ ዓይነት ምክንያት ሰምታለች፤ ለጉንፋን፣ ለጨጓራ፣ ለእግር ማሻ፣ ለድንገተኛ እንግዳ። ለመኪና የሚል ሲመጣ ግን የመጀመሪያዋ ነው። «እሺ የኔ ጌታ፣ ለመኪናህ ይሁን» አለችና ዓይኗን ጠቀሰችው። ከዚያ በመለኪያ ቀድታ «ለዕውቀት ያህል ቅመሰው» ብትለው፣ ታጁ አፍንጫውን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ባዶ ሃይላንድ ሞላችለት። እጁን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎት ወጣ።

ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ታክሲ ትጠብቅ ነበር። ታጁ ሃይላንዱን ከጀርባው ደብቆ «አሰላሙ ዓለይኩም» አላት፤ ጨዋ ሰው ነዋ። ሴትየዋ «ወዓለይኩም ሰላም» አለችና ኮፍያውን አየች፣ ካፖርቱን አየች፣ የወጣበትን በር አየች። እንግዲህ ታጁ አያውቃቸውም እንጂ እትዬ ኡሙልኸይር የሚባሉ የሐጂ ሙህሲን እህት ናቸው። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ታጁ ሲያጣሩ ውለው፣ ከአንድ ሰው አፍ እንኳ ክፉ ቃል አጥተው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ሳሪስ ሊመለሱ ነበር።

ያን ዕለት ማምሻውን ዘአማኑኤል ከሃይላንዱ ራቅ ብሎ ቆመና ታጁ በቆርኪ ላይ ጠብ አድርጎ ክብሪት ጫረበት። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። ታጁ የጉሎ ዘይት ጨመረበት፣ ከቆርቆሮው የቀረችውን ጭላጭም አንጠፈጠፈበት፣ ደህና አድርጎ ነቀነቀውና እሁድ እስኪደርስ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠው።

እሁድ ሳይደርስ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐጂ ሙህሲን ራሳቸው መጡ። ታጁ ነጭ ጀለቢያቸውን በሩ ላይ ሲያይ፣ እሺታውን በአካል ሊነግሩኝ መጡ ብሎ ልቡ ዘለለ። ከኋላቸው ባለጃንጥላዋ ሴት ብቅ ስትል ግን የዘለለው ልቡ ተመልሶ ቦታውንም አልፎ ወረደ።

«እህቴ ኡሙልኸይር ናት» አሉ ሐጂ። «ትናንት ሰላም ተባብላችኋል።»

«ልጄ» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር ረጋ ብለው፣ «ትናንት ከዚያች ቤት ይዘህ የወጣኸው ምን ነበር?»

የታጁ ዓይን ከዳው፤ ወደ ባንኮኒው ሥር ሄደ። የሴትየዋ ዓይን ተከትሎት ሄደ። ጎንበስ ብለው ሃይላንዱን አወጡና ለወንድማቸው አቀበሉ። ሐጂ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን ሲያስጠጉ ራሳቸው ወደ ኋላ ተወረወረ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አዑዙ ቢላህ!» አሉ።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ክዳኑን ቀስ ብለው እየጠመዘዙ «ሰዓዳንም የሰጠናት እንዲህ ላለ ጨዋ ሰው ነው» አሉ። ዓሊያ ይህን ስትሰማ የሚኖራት ፊት ለታጁ ታየው፤ ቀና ሳትል ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ምንም አትጠይቀውም፣ ሳሙናውንም ሌላ ሰው ይሰጠዋል።

ጥጉ ላይ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የነበረው ዘአማኑኤል ተነሳ። «የኔ ነው፣ ሐጂ» አለ። «ታጁ ምንም አያውቅም። እኔ ነኝ እዚህ የደበቅኩት።»

ታጁ ሊያቅፈው ነበር። ከዚያ በሩን አየ። በላይነሽ ሽንኩርት ልትገዛ መጥታ፣ ዘንቢሏን ይዛ እዚያው ቆማለች። ሰምታለች። ዘንቢሏን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ታጁ ፊቷ ላይ ንዴት ፈልጎ አጣ። ያየው ድካም ነበር፤ የታሰረው ሻንጣ እንደገና ሊታሰር ነው የሚል ድካም። ዘአማኑኤልም አይቷታል፤ ግን ቃሉን አልመለሰም።

«ውሸቱን ነው!» አለ ታጁ። ራሱ በድምፁ ደነገጠ። «የኔ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁት። በላይነሽ፣ ወላሂ፣ እሱ ክዳኑን እንኳ አልነካም።»

«እሺ» አሉ ሐጂ፣ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ለመውጣት እየዞሩ። «ቢያንስ አልዋሸኸንም።»

«ግን እኔም አልጠጣሁትም! ለመኪና ነው የገዛሁት!»

ከዚያ በኋላ ማብራራት የሚባል ነገር አልነበረም። ታጁ ከጆንያዎቹ ጀርባ ገብቶ ብርድ ልብሱን አቅፎ ወጣ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ገለጠው። ቀይዋ መኪና፣ ከሳሙናውና ከሻማው መሐል፣ ጥርሳም ጎማዋን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ይሄ ደግሞ የማን ልጅ መጫወቻ ነው?» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር።

«የኔ» አለ ታጁ። ጆሮው ጋለ። መጫወቻ አይደለችም የሚለው መልሱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

ሐጂ መኪናዋን አዩ፣ ሃይላንዱን አዩ፣ ታጁን አዩ። «እንግዲህ የምትጠጣው እሷ ናት እያልከኝ ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«የሰዓዳም ባል ሰበብ ያበዛ ነበር» አሉ። «የሱ ግን ጤነኛ ሰበብ ነበር። እሺ፣ ትጠጣና እንያት።»

ሁሉም ደጅ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ታጁ መኪናዋ በዚህ ነገር ትነሳ አትነሳ አያውቅም። ብትነሳ አሻንጉሊት የሚነዳ ጎልማሳ ይሆናል፤ ባትነሳ ሰካራም፣ በዚያ ላይ የሚቀባጥር ሰካራም። ነዳጁን ሞላ። የካንዴላውን ማጋያ አነሳ፤ ሞቷል። ትናንት መብራት የጠፋበት ፈረቃ ነበር፣ ማጋያውን ማን ሞላው?

«ባትሪ!» አለ ታጁ፣ ዘአማኑኤልን በልመና ዓይን እያየ።

ዘአማኑኤል ሌላ ቀን ቢሆን ይህችን ቃል ከታጁ አፍ በመስማቱ ድግስ ይደግስ ነበር። አሁን ግን ሮጠ። ለነገው እሁድ ብሎ ሲቆጥባት የሰነበተውን የመኪናውን ባትሪ ይዞ ተመለሰ፣ ሽቦ በጥርሱ ልጦ ካንዴላዋ ላይ አሰረ። በላይነሽ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዷን እንቅስቃሴውን ትከታተላለች።

ታጁ ገመዱን ሳበ። ምንም የለም። እንደገና ሳበ። መኪናዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ተኛች። መንገደኛው መቆም ጀመረ፣ የጫማ ጠራጊዎቹ ሥራ ፈቱ፣ ከታክሲ ውስጥ አንገት ወጣ። ታጁ በልቡ ዱዓ ጀመረና፣ አረቄ እንዲቀጣጠል አላህን መለመን ነውር መሰለው፣ መሐል ላይ አቋረጠው።

«ያኔ ባትሪ ገጥሜላት ቢሆን እኮ...» አለ ዘአማኑኤል በሹክሹክታ።

«ዝም በል!»

ወሬው ሐዲዱ ጋ ደርሶ ኖሮ ዲንቄ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። «ሐጂ!» አለች፣ ደረቷን እየመታች። «ይህ ልጅ ጠጪ ነው ያለ ማነው? እኔ ጠጪ ሳላውቅ እቀራለሁ? ቅመስ ብዬ ብሰጠው አፍንጫውን ይዞ ወደ ግድግዳ ዞረብኝ! እንደሱ ያለ ደንበኛ ቢበዛ ኖሮ ቤቴን በዘጋሁ!» ሰዉ ሳቀ። ሐጂ ተጨነቁ። ስለ ጠጪ ከአረቄ ሻጭ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ግን ደግሞ የልጃቸውን ባል አረቄ ሻጭ መስክራለት ተቀበሉ ቢባል፣ ሳሪስ ላይ በየት በኩል ያልፋሉ?

«አሁን ቀልታለች» አለ ዘአማኑኤል፣ ካንዴላዋ ላይ አጎንብሶ። «በሙሉ ኃይልህ ሳብ።»

ታጁ ገመዱን ጨበጠ፣ ዓሊያን አሰበ፣ ሳበ።

መኪናዋ ጮኸች። እንዲህ ጮኻ አታውቅም፤ መጀመሪያ ተንተባተበች፣ ቀጥሎ አጓራች፣ ከዚያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸቷን ለቀቀችው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሳ። ከጭስ ማውጫዋ የወጣው ነጭ ጭስ የዲንቄን ቤት ሽታ በሙሉ መንገዱ ላይ ዘረገፈው። ታጁ ሪሞቱን አንስቶ ተጫነ፣ እሷም ተፈተለከች። ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ግራ ትላለች፣ ወደ ቀኝ ትላለች፣ ሐጂ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ዘለሉላት፣ እትዬ ኡሙልኸይር ጃንጥላቸውን ጋሻ አደረጉት።

«ሰክራለች!» አለ አንዱ ጫማ ጠራጊ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ታጁም ሳቀ። ምን እንደሚጠብቀው፣ ማን እንደቆመ፣ ሁሉንም ረስቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ በሱቁ ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ ሳቀ። ሐጂ ከመኪናዋ ይልቅ እሱን ያዩ ጀመር። መኪናዋ የቦዩን አፋፍ ይዛ ጥቂት ሄደችና፣ ካርቡራተሯ ውስጥ የገባው ይብቃኝ ያለ ይመስል፣ አስነጥሳ ቦዩ ውስጥ ገባች። ታጁ የት እንዳለ ትዝ ሲለው አፉን ዘጋ።

ሐጂና እህታቸው ራቅ ብለው ተነጋገሩ። ቆይተው ሲመለሱ ሐጂ የጭሱን ሽታ ከጀለቢያቸው ላይ እያራገፉ ነበር። «ስማ፣ ታጁ» አሉ። «ከቤት ስንወጣ ልጃችንን ለጠጪ አንሰጥም ተባብለን ነው። ስለ እብድ ግን አልተመካከርንም።»

«እብድ ይሻላል» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር። «የት እንደዋለ በጩኸቱ ይታወቃል። ደግሞ ጓደኛውን አሳልፎ አልሰጠም፤ እኔ ያየሁት ያንን ነው።»

ታጁ የሐጂን እጅ ሊስም ሲያጎነብስ፣ ሐጂ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ገና አልጨረስኩም። ዓሊያ የምትገባበት ቤት አረቄ አይገባም። ለሰውም ቢሆን፣ ለመኪናም ቢሆን። ይህች ነገርህ ሌላ የምትቀምሰው የላትም?»

ታጁ ወደ ቦዩ ወርዶ መኪናዋን አነሳት። ሞተሯ ገና ይሞቃል፤ ጭቃው ላይዋ ላይ ጢስ ጢስ ይላል። ያች ሎሚ የምታህል ሞተር፣ ያ ጩኸት፣ እሁድ ማለዳ ወንዙን ሲሻገር ደረቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር። ይህን ከእጁ ማውጣት ልቡን አመመው፣ አይካድም። ሕመሙ ግን ሐጂ ጥያቄውን ለመድገም አፋቸውን እስኪከፍቱ እንኳ አልቆየም።

«ባትሪ» አለ።

ዘአማኑኤል ሽቦውን እየጠቀለለ ነበር። ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«ባትሪ ነው የሚሻለው!» አለ ታጁ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «ንጹህ ነው፣ ሐጂ! አይጮህ፣ አይጨስ፣ አይሸት! ዛሬውኑ እንገጥምላታለን!»

ዘአማኑኤል እግሩ የማይችለው ይመስል ሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በላይነሽ ጎንበስ ብላ አንገቱ ሥር አሸተተችው፣ ከዚያም ዲንቄ፣ ውሾቹና ሐጂ ጭምር ሁሉም አንድ ዓይነት እንደሚሸቱ ሲገባት ተወችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሁለት ዓመት» አላት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁት። ልጅቷ እኮ እዚህ እንኳ አልመጣችም!»